ማንም የማይነካቸው መስመሮች

የወንዙን ከፍታ የሚተነብየው ፕሮግራም ወንዙን መቅደም አቅቶት ነበር። ጠዋት የገባለትን የዝናብ ልኬት ሲያሰላ ይውልና መልሱን ሲሰጥ፣ ውሃው ታች ያሉትን ሰፈሮች አልፏቸዋል። የትንበያ ክፍሉ ሰዎች ራሳቸው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አዲስ የተቀጠረችው ፕሮግራመር ይህን እንድታፋጥን ታዘዘች።

እሷም ሁሉን እንደ አዲስ ከመጻፍ ወደ ኮምፓይለሩ ዞረች። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚፈጽመው ትእዛዝ ይለውጣል። ጎበዝ ኮምፓይለር ግን እንዲያው አይተረጉምም። መልሱ የማይለወጥ ስሌት ሲደጋገም ካየ አንዴ ብቻ ይሠራዋል፤ ማንም የማይፈልገውን ሥራ ይጥላል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቁጥሮችን ጎን ለጎን ደርድሮ በአንድ ምት መደመሩ ነው! ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን ሲፈቀድለት ነው። እሷም ከፍተኛውን የማፋጠን ደረጃ ፈቀደችለት። ፕሮግራሙ ቁርስ ተበልቶ ሳያልቅ ጨረሰ።

መልሱ ግን ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል የሚል ነበር።

ስህተቱን ለማግኘት በሙያው ያለ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ የጠረጠረችው ቦታ ላይ አንድ ቁጥር ስክሪን ላይ የምታሳይ መስመር ጨመረች። ስህተቱ ጠፋ። መስመሯን ስታነሳት ተመለሰ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቁጥሩ በዚያች ቅጽበት መታየት ስላለበት ኮምፓይለሩ በዙሪያው ያለውን ስሌት እንዳሻው ማቀያየር አይችልም። በሽታው ተደበቀ እንጂ አልዳነም። ዝናቡ ግን ደርሶ ነበርና መስመሯ እዚያው ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ኮምፓይለሩ በታደሰ ቁጥር ስህተቱ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል፤ እሷም ሌላ መስመር ትጨምራለች። የትኛው መስመር የቱን እንደያዘ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የክፍሉ ሰዎች «ቁልፌ» ይሏታል። እሷም መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከኮምፒውተሮቹ ማቀዝቀዣ ጩኸት ጋር ዓመታት ተቀመጠች።

አምና ባሏ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ልጃቸውን ይዞ ሄደ። እሷ ዝውውር እንዳገኘች ልትከተላቸው ነበር።

«ጋሼ፣ የዝውውሬ ነገር እንዴት ሆነ?» አለችው አለቃዋን።

«ቁልፌ፣ አንቺ ከሄድሽ በሩን ማን ይከፍተዋል?»

«ሁለት ባልደረቦቼን አሠልጥኛለሁ እኮ።»

«ጠየቅኋቸው። አንዱ እሷ በሌለችበት አልነካውም አለ። ሌላው የነካው ዕለት ወንዙ ዳገት ወጣ።»

ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ባሏ ሲደውል ግን ሳቁ አልመጣላትም።

«እኔን ነው ያገባሽው ወይስ ማሽኑን?»

«ማሽኑን ቢሆን አብረን እንኖር ነበር።»

«ልጅሽን ትምህርት ቤት እናትሽ የት ናት ቢሏት ምን ብትል ጥሩ ነው? ወንዝ ትጠብቃለች።»

በማግስቱ አለቃዋ ቢሮ ገብታ አልወጣም አለች። በመጨረሻ አንድ ቃል ሰጣት፦ ፕሮግራሙ ያለ እነዚያ መስመሮች፣ በዚያው ፍጥነት ትክክል ከሠራ ይፈርማል። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ግን ፕሮግራሙን መንካት ክልክል ነው፤ ያ ማለት ሌላ ዓመት መጠበቅ።

ጥርጣሬዋ ይህ ነው፦ የሆነ ቦታ አንድ የቁጥር ሰንጠረዥ ለስሌቱ በሁለት ስም ተሰጥቷል። ኮምፓይለሩ ደግሞ የጸሐፊውን ቃል ያምናል፤ ሁለት ስም ካየ ሁለት የተለያዩ ሰንጠረዦች ብሎ ይወስዳል። ስለዚህ በአንዱ ስም ያለውን ቁጥር ሳያነብ በሌላው ስም ይደመስሰዋል። የት? መስመሮቹን ሁሉ አውጥታ፣ ለፕሮግራሙ ፋይሎች ገሚስ ከፍተኛውን ደረጃ ፈቅዳ፣ ለገሚሱ ከልክላ ታስተረጉማለች። ወንዙ ሽቅብ ከፈሰሰ ጥፋቱ በተፈቀደላቸው ውስጥ ነው፤ ካልፈሰሰ በተከለከሉት። ከዚያ ያንን ገሚስ ደግሞ ለሁለት።

ዛሬ ጥርጣሬው ጥቂት ፋይሎች ላይ ወድቋል። ውጭ ደመናው ከብዷል ብለዋታል፤ እሷ አታየውም። ለሁለቱ ፈቅዳ ሌሎቹን ከልክላ አስነስታዋለች፤ የወንዙን ከፍታ የሚያሳየው የግራፍ መስመር ወዴት እንደሚያጋድል ስክሪኑ ላይ እያየች ነው።