ሲዲ ሁለትን ያስቀደመው ጋሽ አብዲ

ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስል ስልኬ ጠራ። የጋሽ አብዲ ጎረቤት ናት። «አብዲ አረፈ» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

ትንሽ ቆይቼ ራሴ ደወልኩና «የቱ አብዲ?» አልኳት። ድሬ ላይ አብዲ በየበሩ ነውና አንዱን ሌላ አብዲ እንድትለኝ ፈልጌ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እሱው ነው። ከዚራ ሰፈር ቪዲዮ ቤት የነበረው የኛው ጋሽ አብዲ። ትናንት ደረቴን ጨመደደኝ ብሎ ጋደም አለ፣ በዚያው ቀረ።

ልጆች የሆናችሁ አታውቁትም፣ ልንገራችሁ። ያኔ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሰው ስትቀቅል የምንሸሸው እሱ ጋ ነበር። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የሚንቋቋ ቬንቲሌተር፣ የእንጨት አግዳሚዎች። ፊልሙን አጠገቡ ቆሞ የሚተረጉምልን እሱ ራሱ ነው። ቀልዱን በአማርኛ፣ ጥሉን በኦሮምኛ፣ ፍቅሩን በሶማልኛ! እንግሊዝኛውን ምን ያህል እንደሚያውቀው ግን እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ሰው በማሽን ተሳፍሮ ወዳለፈው ዘመን የሚመለስበት ፊልም ካገኘማ ሰርግ በሉት።

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ፊልም አመጣ። ፊልም ያኔ በሁለት ሲዲ ነበር የሚመጣው፣ እሱም ተሳስቶ ሲዲ ሁለትን አስቀደመ። ሰውዬው ሽበታም ሆኖ ጀመረልን፤ ሚስቱን ቀበረ፣ እሱም ተመትቶ ወደቀ፣ የተዋናዮቹ ስም ወረደ። ከዚያ ሲዲ አንድ ሲገባ ያው ሰውዬ ጎረምሳ ሆኖ ብስክሌት እየነዳ ያፏጫል።

«አቦ ጋሽ አብዲ! ይሄ ሰውዬ አልሞተም እንዴ?» አልነው።

ፊቱን አየሁት፤ መሳሳቱ የገባው ያን ጊዜ ነው። ግን መች ይሸነፋል?

«ዋሪያ፣ ቆይ፣ ገና አልሞተም!»

«ስም ከወረደ በኋላ የሚጀምር ፊልም የት አለ?»

«ዘመን ሲገለበጥ ስሙ ብቻ ምን ቁርጥ አድርጎት ነው የማይገለበጠው?»

አለቀ፣ ተቀበልነው። ከዚያ ወዲያ ማንም ፊልም ላይ ሲወድቅ ቤቱ በሙሉ «ቆይ፣ ገና አልሞተም!» ነው። ወንድሜ ያንኑ ፊልም አዲስ አበባ አይቶት መጥቶ «ገልብጣችሁ ነው ያያችሁት» ቢለን፣ የተገለበጠው ያንተ ነው ብለን አባረርነው።

ያ ፊልም በተገለበጠበት ዕለት ከኋላ አግዳሚ አንድ ቀጭን ልጅ ተነስቶ «እሺ፣ ሰውዬው ወደ ኋላ ሄዶ እናትና አባቱን ቢያጣላቸው እሱ አይወለድም። ካልተወለደ ማን ሄዶ አጣላቸው?» አለ።

እኔ አፌ መቼ ያርፋል፤ «እንዳንተ ያለ ነገረኛ ጎረቤት ነዋ!» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

ጋሽ አብዲ ግን ከምሩ አሰበበት። «የባቡር ሐዲድ ለሁለት ሲከፈል አይታችሁ አታውቁም? ባቡሩ በአንዱ ስለሄደ ሌላው ሐዲድ ይነቀላል? በአንዱ መስመር ተወልዷል፣ በሌላው አልተወለደም። ሁለቱም አሉ።»

ያንን ነገረኛ አገባሁት። ታደሰዬን ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሆነ። አንድ ጠዋት ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ወጣና የሰፈር ሕፃናት እየሳቁ መለሱት፤ በሩ ላይ ቆመን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ሄደ። መኪናው ተገልብጦበት መንገድ ላይ ቀረብኝ።

እኔን የገደለኝ «አንድ ሻይ ጨምሬ ባቆየው ኖሮ» የሚለው ነው። ያቺን ሻይ ብቻ ነበር የማወራው። ምግብ አልወርድ አለኝ። እህቶቼ «እሷንም ልንቀብራት ነው» ብለው ነበር።

ጋሽ አብዲ መጣ። እንደ ሌላው «ተይው፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» አላለኝም። «አንድ ፊልም አይቻለሁ» ብሎ ጀመረ።

ባሏ የሞተባት ሴት ናት አለኝ። ማሽኑን አገኘችና ወደዚያች ጠዋት ተመለሰች። በሻይ አቆየችው።

«ዳነ?» አልኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ከሻይዋ ሌላ የተናገርኩት ይቺን ነው።

«በአንዱ መስመር ድኗል። እሷ ግን አላመነችም፣ ደግሞ ተመለሰች። ቁልፉን ደበቀችበት። ደግሞ ተመለሰች፣ በሩን ይዛ አለቀሰች። እሱም ፈራት፤ ‹ምን ሆነሻል አንቺ?› ይላታል። ስትመላለስ፣ ስትመላለስ ያቺ የሳቁባት የመጀመሪያዋ ጠዋት እንደ ልብስ ታጥባ አለቀች። በምን እንደሳቁ ጠፋት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማሽኑን አጠፋችና ቁርሷን በላች።»

እኔም በላሁ። እሱ እያጎረሰኝ፣ እያለቀስኩ በላሁ።

ልጄ አድጋ ይህን ስነግራት በስልኳ ፊልሙን ስትፈልግ፣ ስትፈልግ አጣችው። ጋሽ አብዲ ያኔ ቪዲዮ ቤቱን ትቶ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ሄጄ «ስሙ ማነው?» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ እንጃ! የዚያን ቀን እያወራሁልሽ ነው የሠራሁት። ስም ሳላወጣለት ቀረሁ።»

ጋሽ አብዲ፣ ባለቤትህ ፋጡማ ከጠዋት ጀምሮ «ትናንት ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ» እያለች እህል በአፏ አልዞረም አሉኝ። ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤትህ ልመጣ ነው። ፊልምህን እነግራታለሁ። የእኔ ጠዋት ግን ለእሷ አይሆናትም፣ የራሷ ያስፈልጋታል። ስለዚህ መጀመሪያ ትናንት በምን እንዳሳቅካት እጠይቃታለሁ፤ አንተ ሳታስቃት የዋልክበት ቀን እንደሌለ አውቃለሁና። የቀረውን እንዳንተ እያወራሁ እሠራዋለሁ።

ደህና ሁን ጋሼ። አላህ ማረፊያህን ቀዝቃዛ ያድርግልህ፣ የድሬ ሙቀት ይበቃሃል። ለፋጡማ አታስብ። ሳትጎርስ ከአጠገቧ አልነሳም።