ማሽላ ሥር የሚወድ አበባ

የክብሪት ቀፎ ኮሽ ባለ ቁጥር የዚያ ቀን ፀሐይ ትመለስብኛለች። ባለሱቁ ክብሪቱን ነቅነቅ አድርጎ ሲሰጠኝ እንኳ የጎንደር ግንብ ግቢ ከነአደይ አበባው ፊቴ ይደቀናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ተወግቻለሁ፤ መልሼም ወግቻለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ መተማ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ነሐሴ ላይ ወንድሜን ከማሳችን መሃል አቀንጭራ ሲነቅል ለውትድርና አፈሱት። አቀንጭራን አታውቀው ይሆናል፤ ከማሽላ ሥር እየጠባ የሚያድግ፣ ሐምራዊ አበባው የሚያምር፣ ማሽላውን ግን አቆርፍዶ የሚያስቀር አረም ነው። ያሳፈሰው የቀበሌያችን ካድሬ ነበር። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ "ጌታዬ፣ ወንድ ልጅ ያለኝ እሱ ብቻ ነው" ስትለው፣ "እናት አገር ትቀድማለች" ብሎ ጫማውን ከእጇ አላቀቀ። ወንድሜ መኪናው ላይ ሲወጣ የማሳው ጭቃ ከጣቶቹ አልለቀቀም ነበር።

በወሩ ያው ካድሬ እኛን ተማሪዎቹን በጭነት መኪና ጎንደር ወሰደን፤ ታሪክ እንድናይ ነው። ከቆላው ወበቅ ወጥተን ግንቡ ሥር ስንቆም እርጥብ ሣርና ዝናብ የጠጣ ድንጋይ ሸተተን። አደይ አበባ ግቢውን ሞልቶታል፤ ንቡ ይተማል። ማማሩ ራሱ አናደደኝ። ወንድሜ ይህን ሳያይ፣ ያሳፈሰው ሰውዬ አበባ እያሸተተ ይዞራል።

ካድሬው መሃል አገር ከተማ ያደገ ነው፤ ማሽላን የሚያውቀው እንጀራ ሆኖ ሲቀርብለት ነው። ከአትክልተኛው ዘር ለምኖ ኪሱን ሞላና ወደ እኔ ዞረ። "እናንተ ቆላ አበባ የላችሁም እንዴ?"

"አለን እንጂ ጓድ" አልኩት። ሐሳቡ የመጣልኝ እዚያው ግንቡ ጥላ ውስጥ ነው። "ሐምራዊ ነው፤ ከዚህ ይበልጣል። ለብቻው ቢዘሩት ግን አይበቅልም። ማሽላ ሥር ነው የሚወድ።"

የመጨረሻዋን ክብሪት ጭሮ ሲጋራውን ለኮሰና ባዶውን ቀፎ ሰጠኝ። "ዘሩን በዚህ አምጪልኝ።"

ኅዳር ላይ ሞልቼ ሰጠሁት፤ ዘሩ እንደ ሱረት የላመ ነው። ክረምቱ ሲገባ ቀበሌው በሰጠው የጓሮ መሬት፣ ማሽላው መሃል በገዛ እጁ በተነው። መስከረም ላይ ማሽላው ቀጭጮ ቀረ፣ አበባው ግን ጓሮውን ሞልቶ ፈካ። ማንም አልነገረው፤ ልጅ ያልታፈሰበት ጎረቤት አልነበረማ። ሰው በአጥሩ ሲያልፍ አፉን ይዞ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬም ለእሱ ጸጸት የሚባል የለኝም።

በዓመቱ ካድሬው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ቀበሌው ያን መሬት ለዘማች ቤተሰብ ይሁን አለና ለእናቴ ሰጣት።

"ልጄ ያስገኘልኝ መሬት" ብላ አፈሩን ሳመች።

የአቀንጭራ ዘር መሬት ውስጥ ስንት ዓመት ተኝቶ እንደሚቆይ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። በየነሐሴው ጎን ለጎን ጎንበስ ብለን ስንነቅል፣ ያደረግሁትን ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ።

"ተይው አንች ልጅ፣ ደክሞሻል" ትለኛለች። "የቀረውን ወንድምሽ ሲመጣ ይነቅለዋል።"

አልመጣም። እናቴ ግን ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ በየዓመቱ አንድ ትልም ሳትነካ ለእሱ ትተውለት ነበር። መስከረም በጠባ ቁጥር የኔ አበባ እዚያ ትልም ላይ ይፈካል።