የቡንሎም መኪና ጣሪያ

ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ። ቡንሎምን መኪና አልባ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በከተማችን በላምፓንግ፣ ወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር፣ አሮጌ መኪና ያለን ሰዎች እሁድ እሁድ እንሰበሰባለን። የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ በሩዝ እየበላን የሰው መኪና እናማለን። እኔ አራት አሉኝ፤ አንዳቸውም ተሠርተው አልቀው አያውቁም። ቸርኬ ስቀይር መሪው ያስጠላኛል፣ መሪውን ስቀይር ወንበሩ። ሚስቴ "አንተ የምትወደው መኪና ሳይሆን ዕቃ መግዛት ነው" ትለኛለች። ልክ ናት፤ ግን ለሷ ይነገራል?

ቡንሎም ፀጉር አስተካካይ ነው። የነበረችው አንዲት አርባ ዓመት ያለፋት ሰማያዊ ፒክ አፕ ነበረች። ያጥባታል፣ ዘይት ይቀይርላታል፣ በቃ።

"ጋሼ፣ ይቺን ነገር ለሙዚየም አትሰጣትም?" እለዋለሁ።

"እኔንም አብረው ይወስዱኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ። እኩያሞች ነን።"

"ቸርኬውን እንኳ ቀይረው እንጂ። እኛንም አሳፈርከን እኮ።"

"ይሽከረከራል አይደል? ታዲያ ምን ሆነ?"

ብሎ ይስቃል። የሚያበግነኝ ያ ሳቁ ነበር። እኔ በአራት መኪና ያላገኘሁትን እሱ በአንዲት ቆርቆሮ አግኝቶት ቁጭ ብሏል። ቅናት ነው፤ ምን ልደብቅ።

አሁን የምነግራችሁን እኔ የሰማሁት በኋላ ነው። መኪናዋን የገዙ ዕለት እሱና ሚስቱ ፒኩል የመንደራቸው የቡድሂስት ገዳም ወስደው አስባረኳት። አበምኔቱ እንደ ደንቡ ጣታቸውን ነጭ ጭቃ ውስጥ ነክረው፣ ከሹፌሩ ወንበር በላይ ጣሪያው ላይ ከአደጋ ይጠብቃል የሚባለውን የበረከት ምልክት ጻፉ። ፒኩል ታዲያ "አባ፣ መኪናው ቢገለበጥ እሱ ብቻ ይትረፍ?" አለቻቸው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁና ከሷም ወንበር በላይ ሦስት ነጠብጣብ አደረጉላት። ፒኩል ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ አበምኔቱም ሞተዋል። ቡንሎም ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር ቀና ብሎ ሦስቱን ነጠብጣብ ያያቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት ለዓይኑ ቀዶ ሕክምና ቺያንግ ማይ ከተማ፣ ልጁ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሊሄድ ሲል ቁልፉን ሰጠኝ። "ባትሪው እንዳይሞት አልፎ አልፎ አስነሳልኝ" አለ። ያለኝ ይኸው ነው፤ ሌላ አላለም።

የኔ እጅ ደግሞ መች ያርፋል። ቸርኬውን ቀየርኩ። ወንበሩን ቆዳ አስለበስኩ። ወንበሩ ሲያምር ጣሪያው አስጠላኝ፤ ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ረግቧል። ምልክቱን ሳላየው ቀርቼ አይደለም። ደብዝዟል፣ በተሻለ እተካለታለሁ አልኩ። አዲስ ጨርቅ አስለጠፍኩና አገር የሚያውቃቸው መነኩሴ ዘንድ ሦስት ሰዓት ነድቼ፣ ከሹፌሩ ወንበር በላይ በወርቅ ቅብ አስጻፍኩት። በረከቱን ሳይቀር አሻሻልኩለት፣ እኔ ጅሉ።

የተመለሰ እሁድ ሁሉም ከቦ አጨበጨበለት። ቡንሎም ቸርኬውን ዳሰስ አድርጎ "ደከምክ ወንድሜ" አለኝ። ገብቶ ተቀመጠና ቀና አለ። ወርቁን ልብ አላለውም። የሚያየው ከጎኑ ካለው ወንበር በላይ ያለውን ነው፣ ባዶውን።

"ቹምፖን፣ የድሮው ጨርቅ የት ነው?"

"ተጣለ ጋሼ። ቆሽሾ ነበር እኮ።"

"የት ተጣለ?"

"ሠራተኞቹ አቃጠሉት።"

ስለ ሦስቱ ነጠብጣብ የነገረኝ ያኔ ነው፤ ድምፁን ሳያነሳ፣ ለደንበኛ እንደሚያወራው አድርጎ። ሲጨርስ ወረደና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠው።

"አሁን ያንተን መኪኖች መሰለች" አለኝ። "ያንተው ትሁን።"

እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ አነሳኝ እንጂ ቁልፉን አልተቀበለኝም። ከዚያ ወዲያ እሁድ መጥቶ አያውቅም። መኪናዋ እኔ ደጅ ቆማለች። ለመንዳትም ለመሸጥም አንጀቴ አልቻለም።

ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ግን አሁንም እሱ ነው። ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ስለ መኪና አንድም ቃል አይተነፍስም። ምላጩ አንገቴ ጋ ሲደርስ እንኳ ቀስ ብሎ አሳምሮ ይላጨኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።