ሻሿ እስኪደርቅ

ባለፈው ሰኔ ፈተና እንደጨረስን ከብቸና ሞጣ ሄድኩ፤ ክረምቱን የእናቴ ታናሽ እህት ዘንድ ልከርም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አክስቴ ገበያ ለመውጣት ስትሰናዳ ፏፏቴውን እንዳይ ፈቀደችልኝ።

«ቅርብ ነው። ባሕር ዛፉን አልፈሽ ትንሽ ቁልቁል ነው። ልጄ መንገዱን ታውቀዋለች፤ እሷ ናት የምትመራሽ።»

ልጇ ስድስት ዓመቷ ነው። አክስቴ እየሳቀች ተናግራ ስታበቃ ጎንበስ ብላ አዲስ ነጭ ካልሲ አደረገችላት፤ ቀና ስትል ግን ሳቋ የለም።

«እጇን አትልቀቂ። ይቺው ናት ያለችኝ።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን። መንገዱ ለአሮጊት እንኳ አይከብድም። ልጅቷ ስለ ሰው ሁሉ ታወራልኛለች፤ የማን ውሻ እንደሚነክስ፣ የማን እንደሚጮህ ብቻ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ወንዝ አገኘን። ፏፏቴው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከመታጠፊያው ጀርባ ነው፤ በደንብ የሚታየው ግን ከማዶ ነውና መሻገር ነበረብን። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። መሃል ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አለ፤ አናቱን ነጭ መስመር ዞሮታል።

«ይቺ አሮጊቷ ናት» አለች ልጅቷ። «ሻሿን አየሽው? ሻሿ ከረጠበ አይሻገሩም።»

«ማን አለሽ?»

«ሁሉም ሰው።»

«እኛ ብቸና ድንጋይ ሻሽ አያስርም።»

«ፏፏቴስ አላችሁ?»

እጇን ያዝኩ። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን ተሻገርን።

ፏፏቴውን ሳይ ግን ደስታዬ ሌላ ሆነ። ቀጭን ነው፤ ግን ከላይ ሲወርድ የሚያልቅ አይመስልም፤ መሃል ላይ ቋጥኝ ይመታና እንደ ተነፋ ዱቄት ይበተናል። ልጅቷን አቁሜ ፎቶ አነሳኋት፤ እሷም እኔን አነሳችኝ፤ ጭንቅላቴን ቆርጣዋለች። ይህን በምን ቃል እጽፈዋለሁ እያልኩ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ሸተተኝ፤ ዝናብ የነካው አፈር። ሰማዩን አየሁ፤ እኛ ራስ ላይ ፀሐይ ታቃጥላለች። በጮቄ ተራራ በኩል ግን ጥቁር ነው።

ውሃው መጀመሪያ ጠላ መሰለ። ቀጥሎ ቀላ። ቅጠልና ጭራሮ አብረው መውደቅ ጀመሩ፤ ድምፁም ወፈረ። ስለ ደራሽ ውሃ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ አይቼ ግን አላውቅም ነበር።

እጇን ይዤ ወደ መሻገሪያው ሮጥኩ። ውሃው ቀድሞናል። የዘለልንባቸው ድንጋዮች አንዳቸውም የሉም፤ አሮጊቷ እስከ ትከሻዋ ሰምጣ ሻሿ ላይ ቀይ ውሃ ይላፋል።

«ረጥቧል» አለች ልጅቷ።

ሰምቻታለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ አሁን ካልተሻገርን ይብሳል፤ አክስቴ ከገበያ ገብታ ቤቱን ባዶ ታገኘዋለች። «ነይ ታዘዪ» አልኳት።

«እታለም፣ ረጥቧል እኮ።»

በግድ አዘልኳት። ሁለት እርምጃ ገባሁ። ጉልበቴ ጋ ደርሷል ስል ከእግሬ ሥር ጠጠሩ መንሸራተት ጀመረ፤ ልክ አንድ ሰው ምንጣፉን እንደሚስብብኝ። በአንድ ጉልበቴ ወደቅኩ። ውሃው ጫማዬን ከእግሬ አወለቀው። ልጅቷ አልጮኸችም፤ አንገቴን ብቻ አነቀችኝ፤ ትንፋሽዋ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። የሆነ ሥር ይዤ ነበር፤ መዳፌ ላይ ምልክቱ አለ።

ዳር ላይ ተቀምጠን ስንንቀጠቀጥ ከማዶ አንዲት ሴትዮ አየሁ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፤ ጃንጥላ ይዘዋል፤ ከገበያ ወደ እኛ በኩል፣ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ናቸው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ከውሃው ድምፅ የተነሣ ግን አይሰማም። በእጃቸው ተቀመጡ አሉን። እሳቸውም ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ጃንጥላቸው ሥር ተቀመጡ። ፊት ለፊት ተያይተን ጠበቅን።

ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም፤ ስልኬ ረጥቦ ጠፍቷል። የወደቀ ግንድ ሲያልፍ አየሁ፤ እኔን ቢያገኘኝ እያልኩ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጅቷ ራበኝ አላለችም፤ እናቴ ትቆጣለች አለች እንጂ። ቁጣው ለእኔ እንደሆነ ነገርኳት። «እሱማ አዎ» አለች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ነጩ መስመር ብቅ አለ። ተነሣሁ። ሴትዮዋም ተነሡ፤ ግን አልተሻገሩም። የራሳቸውን ሻሽ በሁለት እጃቸው ያዙ፣ እንደሚጨምቅ ሰው አደረጉ፣ ከዚያ ጣታቸውን ወደ ፀሐይ ቀሰሩ።

«እስኪደርቅ ነው የሚሉት» አለች ልጅቷ።

መስመሩ ጎልቶ ይታያል፤ ውሃውም ቀንሷል። ምን ይደርቃል አልኩ በልቤ። አንድ እግሬን አነሣሁ። ልጅቷ ቀሚሴን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ካልጎተትኳት በቀር መሄድ አልችልም። በዚያው ቅጽበት ከመታጠፊያው ሁለተኛው ደራሽ መጣ። ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። አሮጊቷን ከነሻሿ ዋጣት፤ ልቆምበት የነበረውን ሁሉ ሸፈነው። እግሬን መልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛው እስኪጎድል ጠበቅን። ድንጋዩ ወጣ፤ ጠበቅን። ነጩ መስመር መጀመሪያ እርጥብ ግራጫ ነበር፤ ቀስ እያለ ነጣ። ሴትዮዋ ያኔ ነው ዱላ ይዘው እየዳሰሱ የተሻገሩት። ቤታቸው እኛ በኩል ሆኖ ሳለ አላለፉንም፤ መልሰው ሊያሻግሩን ቆሙ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«ብቸና ነው አገሬ፣ እማማ።»

«እንደዚያ በይ። ደራሽ እንግዳ ነው የኔ ልጅ፤ ከታገሡት መሄዱ አይቀርም። ኋላ የቀረ ጓደኛ ግን አያጣም።» ባዶ እግሬን አዩት። «ጫማሽን ዓባይ ተጫምቶታል።»

ልጅቷን እሳቸው አዘሉ። እኔ ጃንጥላውን ያዝኩ። ውሃው ጉልበት ሳይደርስ ተሻገርን፤ እሳቸውም ተመልሰው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አክስቴ ባሕር ዛፉ ጋ ነጠላዋን አገልድማ ስትሮጥ አገኘናት። ልጇን ተቀብላ ስታቅፍ ቸኩዬ ማውራት ጀመርኩ፤ ደራሽ እንደመጣ፣ ማዶ ተቀምጠን እንደጠበቅን፣ አንዲት ሴትዮ እንዳሻገሩን። ሁሉም እውነት ነው። እሷ ግን እኔን አታይም፤ የልጇን እግር ነው የምታየው። ካልሲው እስከ ላይ ድረስ ቀይ ጭቃ ነው። ዳር ላይ የተቀመጠ ሰው ካልሲው እንዲህ አይሆንም።

«አዝለሻት ገብተሻል» አለችኝ፣ በቀስታ።

«አዎ» አልኩ።

ልጅቷ ከትከሻዋ ላይ ቀና አለች። «እኔ ረጥቧል ብያታለሁ።»

አክስቴ አልመታችኝም፤ አልተቆጣችም። ቤት ስንደርስ ካልሲውን አውልቃ ሰጠችኝና «እጠቢ» አለችኝ። በሳሙና አጠብኩት፤ አልለቀቀም። በማግስቱም ደገምኩት። አፈሩ ክሩ ውስጥ ገብቷል። ለሦስተኛ ጊዜ ላጥበው ስል «ተዪው» አለች። «እንዲሁ ታድርገው።»

ክረምቱን ሙሉ ሮዝ የሆነውን ካልሲ አድርጋ ከፊቴ ስትሮጥ አየኋት።