ሰፈሩን በእጁ ያፈረሰ ልጅ

እኔ ረሻድ ገልባጭ ነጂ ነኝ። ከልደታ በታች ካለው ወንዝ ቆሻሻና ጥቁር ጭቃ ጭኜ እወጣለሁ፣ ንጹህ አፈር ይዤ እመለሳለሁ። ኤክስካቫተሩ ላይ የሚቀመጠው በድሉ ነው። ኧረ እጁን ብታዩት! በዚያ ሁሉ ብረት ዳገቱን ደረጃ በደረጃ እየቆረጠ፣ ለሚተከለው ችግኝ አፈር ሲደለድል አልጋ የሚያነጥፍ ነው የሚመስለው።

ጉዱ የመጣው የወንዝ ዳር ማልማቱ ሥራ በድሉ የተወለደበት ሰፈር ሲደርስ ነው። ወንዙ አፋፍ ላይ የነበሩት የቆርቆሮ ቤቶች በሙሉ ሊነሱ ሆነ፤ ለሰዉ ከከተማው ጫፍ ምትክ ቤት ተሰጠ። አለቃችን ደግ ሰው ነው፤ "አንተ እረፍ፣ ሌላ ኦፕሬተር ይግባ" አለው። ይሄ ግትር እምቢ አለ!

"ሌላ ሰው ከገባ ከነዕቃቸው ነው የሚጨፈልቀው" አለኝ። "እኔ ከሆንኩ ቆርቆሮውን እንኳ ሳላጣምም አወርድላቸዋለሁ።"

እናቱ እማማ ወለተሰንበት ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ለመኑት።

"ልጄ፣ ቤቱ ይሂድ፤ ሰው እንዳይሄድብኝ። ነገ የሚቀብረኝ ይሄ እድር ነው።"

"እማዬ፣ እነሱ አይደሉ ያሳደጉኝ? ያውቁኛል።"

ያውቁኛል! ምን ያውቃሉ! ያለውን ግን አደረገ። በሩን ለብቻ፣ ቆርቆሮውን ለብቻ እያደረገ አወረደላቸው፤ ወላሂ አንድ ብርጭቆ አልተሰበረም። የሰዉ ዓይን ያረፈው ግን ማሽኑ ላይ በተቀመጠው ልጅ ላይ ነው። "የእናት ጡት ነካሽ!" ብላ አንዷ ስትጮህ ሰማሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰላምታውን የሚመልስለት ጠፋ።

እማማ ወለተሰንበት አዲሱ ቤት ገብተው ክረምቱን አልጨረሱም። የሞቱ ዕለት በድሉ ማልቀሱን ትቶ መፍራት ጀመረ። "ረሻዴ፣ እድርተኛው ካልመጣ እናቴን እኔና አንተ ብቻ ልንቀብራት ነው?" እድሩን በዳኝነት ወደሚመሩት ወደ አቶ ተክለጻድቅ አብረን ሄድን። ሽማግሌው በሩን እንደያዙ፣ "ለወለተሰንበት እንመጣለን" አሉ። ግቡም አላሉን። እኛ ተመስገን ብለን ተመለስን።

መጡ! ከየጫፉ አውቶቡስ ተሳፍረው መጡ፤ የልደታ ማርያም ግቢ ሞላ። እሰይ፣ እማማ ቀባሪ አላጡም አልኩ በልቤ።

ቀብሩ ሲያልቅ በወጉ መሠረት ሐዘንተኛው ተሰልፎ ቆመ፣ ቀባሪው እያጽናና ማለፍ ጀመረ። አቶ ተክለጻድቅ የበድሉን እህት ቤርሳቤህን ጨብጠው "እግዜር ያጥናሽ" አሏት። አጠገቧ በድሉ እጁን ዘርግቷል። አለፉት። ከኋላቸው ያለውም አለፈው። ሴቶቹም አለፉት። ሁሉም እሷ ጋ ሲደርስ ያለቅሳል፣ እሱ ጋ ሲደርስ መሬት መሬት ያያል። ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል? በእናቱ መቃብር ፊት! አላስችል አለኝ፤ ሄጄ "አላህ ያጽናህ፣ ወንድሜ" ብዬ አቀፍኩት። ትከሻዬ ላይ ሆኖ የሚያየው እነሱን ነው።

ሰዉ ከግቢው መውጣት ሲጀምር ጮኸ፦

"የኔም እናት ናት እኮ የሞተችው!"

አቶ ተክለጻድቅ ቆም አሉ። የሚዞሩ መስሎኝ ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።