ቶሎ የሚነሳው

ሴትየዋ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች። ልጇ ከሪያድ የላከችላትን ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ፣ ከወግዲ መካነ ሰላም ከተማ ድረስ ታቅፋው መጥታለች። ኮምፒውተር ጠጋኙ አለምነው የሚሸጠውን ባለ አራት ኮር ላፕቶፕ ከእሷ ባለ ሁለት ኮር ጎን አስቀምጦ፣ ስለ ፕሮሰሰሮቹ ፍጥነት ሊያስረዳት ጀመረ።

«እሱን ተወው የኔ ልጅ» አለችው ቀስ ብላ። «ሁለቱንም እኩል አስነሳቸው።»

አስነሳቸው። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይቆጥራል። ባለ አራት ኮሩ በሠላሳ ሰከንድ ተነሳ፤ የእሷ ሁለት ደቂቃ ፈጀ።

«እትዬ፣ ምን አስቸኮለዎት?»

«ልጄ በስካይፕ የምትደውለው አሠሪዋ ገላዋን ስትታጠብ፣ ተደብቃ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ጁምዓ ይሄ ተነስቶ እስኪያበቃ የደወለችበት ምልክት ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ፣ ወላሂ፣ ድምጿ የለም።»

ፈጣኙን ገዛችው። አለምነው ስካይፑን ጫነላት። ሊዘጋው ሲል እጁን ያዘችው።

«አትዝጋው።»

«ባትሪው ያልቃል እኮ።»

«እስከ ወግዲ ብቻ ያድርሰኝ።»

ቀትር ላይ አለምነው በወግዲ አውቶቡስ መስኮት አያት። የኢንተርኔቷን ፍላሽ ሰክታ፣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ከፍታ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች።