አባቴ በሬዲዮ የተናገረው

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ሱፐርማርኬት ገብቼ የፍሪዘሩን በር ስከፍት ፊቴን የሚመታኝ ቅዝቃዜ ወደ አንድ ዝናባማ ቀን ይመልሰኛል። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ እህቴን ሰሜን ወዳለ ሩቅ ኮሌጅ ይወስዳታል፤ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ከብርድ ልብሷና ከትራሷ ጋር ተጣብቤያለሁ። እናቴ የሥራ ሺፍት ስለነበራት ከቤት በር ላይ አቅፋ ሸኝታታለች።

አባቴ እዚሁ አጠገባችን እንድትማር ፈልጎ ነበር። እሷ እምቢ ካለች ወዲህ፣ ከእሱ «በላሽ?» ከእሷም በእንግሊዝኛ «አይም ፋይን» በቀር ብዙ አይነጋገሩም። መኪናው ውስጥ የሚሰማው የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ነበር።

ዝናቡ ሲብስ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ቆምን፤ ለመጠለል ብለን ስለ ዋልታ አሳሾችና ስለ በረዶ አገር እንስሳት የሚያሳይ ሙዚየም ገባን። ሁሉም ነገር የሚነካ፣ የሚሞከር ነበር። የበረዶውን ግድግዳ በመዳፌ ነካሁ፤ ከነጩ ድብ ምስል ጎን ቆሜ ቁመቴን ለካሁ። የፔንግዊኖቹ ጫጫታ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ ይወርድብናል። መጨረሻው ክፍል ውስጥ የአሳሾች ድንኳን ተተክሎ ማሽን ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፋበታል። ድንኳኑ ውስጥ የገባ ሰው ከግድግዳው ማዶ ካለው ጋር በመገናኛ ሬዲዮ ያወራል። እህቴ ገባች። እኔ አባቴን እጁን ጎትቼ ማዶ አስቀመጥኩት።

መነጋገሪያውን ጨብጦ ወደ አፉ አስጠጋው። ከዚያ «ይሰማሻል?» አላት።

«ይሰማኛል፣ አባዬ።» በአማርኛ መለሰችለት።

«በረደሽ?»

«ትንሽ።»

«ስሚኝ። አልሆነልኝም ካልሽ ደውይልኝ፤ በሌሊትም ቢሆን መጥቼ እወስድሻለሁ። ከሆነልሽ ደግሞ፣ ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው።»

በሬዲዮው ከነፋሱ ድምፅ ጋር አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

ከወጣን በኋላ ሁለቱ ቀሪውን መንገድ ስለ ፔንግዊን እየተከራከሩ ሄዱ።

ሆኖላታል። ዛሬ እዚሁ አጠገባችን፣ አሌክሳንድሪያ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ አባታችን ግን በሕይወት የለም።

ያን ቀን አድርሰናት ስንመለስ አባቴ ነዳጅ ሊቀዳ ቆመና፣ እንደ ልማዱ ለሁለት ልጆቹ ሁለት ጁስ ገዝቶ መጣ። አንዱ የእሷ፣ የማንጎው ነበር። እጁ ላይ ይዞ አየው፣ አየው።

«አንተው ጠጣው» አለኝ።

ማንጎ አልወድም ነበር። ሳልናገር ጠጥቼ ጨረስኩለት።